በፍቅር ሞተች የተባለችው የኤውላሊያ ልጅ

ኤውላሊያ በባሏ ሬሳ ሣጥን ላይ ተደፍታ የሞተችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በባሕር ዳርቻዋ ሰፈር በፕላያ ሞሬና ይህንን የማያውቅ የለም። ዓሣ አጥማጆች መረብ ሲጠግኑ ያወሩታል። እናቶች ሴት ልጃቸውን ሲድሩ «እንደ ኤውላሊያ አፍቃሪ ያድርግሽ» ብለው ይመርቁበታል፤ ወዲያው ደግሞ «ዕድሜዋን ግን አይስጥሽ» ይሉና ያማትባሉ። ባሏን ባሕር ወስዶት፣ ሬሳው ወጥቶ፣ ሳሎን ውስጥ እየተለቀሰ ሳለ ነበር የወደቀችው። ሁለቱ በአንድ መቃብር ተቀበሩ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈው «ተከተለችው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

በዚያ ሰፈር ባሏ ሞቶባት ሬሳው ፊት ሳትወድቅ የቀረች ሴት ስሟ በክፉ ይነሳል። «ዕንባዋን ለሌላ ወንድ አስቀምጣዋለች» ትባላለች። የወደቀችዋን ደግሞ ማንም አያነሣትም። ሴቶቹ ከበው ያራግቡላታል፤ አረንጓዴውን የቅጠል አልኮል ከአንገቷ እስከ ክርኗ ያሹላታል፤ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋችው «ተዉአት፣ ይውጣላት» ትላለች። ሐኪም የሚጠራ ሰው በሐዘኑ እንደ ተሳለቀ ይቆጠራል። ኤውላሊያ በወደቀች ዕለት «ተዉአት፣ ይውጣላት» ያሉት ታላቅ እህቷ ዶሚቲላ ነበሩ።

ልጇ ኔሬይዳ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያሳደጓት እኚሁ አክስቷ ዶሚቲላና ባላቸው ኒካሲዮ ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። በየዓመቱ እናቷ በሞተችበት ቀን ሰፈሩ ይሰበሰባል። ጸሎቱ ሲያልቅ ትኩስ ቸኮላትና ብስኩት ይቀርባል፤ ዶሚቲላ ወንበራቸውን ወደ መሃል ይስቡና ታሪኩን ይጀምራሉ። ቃሉ ተለውጦ አያውቅም። ልጅቱ እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው። ሌላው ልጅ ከእናቱ ቤት ወይም የልብስ ስፌት መኪና ሲወርስ፣ ኔሬይዳ የወረሰችው ይህንን ታሪክ ነው። በትምህርት ቤት እናት የለሽ ብለው ሲሰድቧት «የኔ እናት በፍቅር ነው የሞተችው። ያንቺስ ምን ሠርታ ታውቃለች?» እያለች ትመልስ ነበር።

አድጋ ፀጉር ሠሪ ሆነች። ቤቷ በረንዳ ላይ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት አላት። ባሏ ኤፍራይን የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ያዲማር የምትባል ልጅ አለቻቸው። ኔሬይዳ ቀጭን ናት፤ ማዕበል ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር የሰፈሩ ወንዶች «ጀልባውን እሰሩ! ኔሬይዳንም አብራችሁ እሰሩ!» እያሉ ይስቁባታል። በዓይኗ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫዋ በኩል፣ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። እናቷም ነበራት፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ይታያል። ዶሚቲላ «የእመቤታችን የወርቅ ጠብታ ነው፤ ማፍቀር ለሚችሉ ሴቶች ብቻ ነው የምትሰጠው» ይላሉ። ስለዚህ ኔሬይዳ የሌላውን ሴት ጠባሳና ማድያት በዱቄት ስትሸፍን ብትውልም የራሷን ወርቅ ሸፍናው አታውቅም።

በሠላሳ አራት ዓመቷ ጤና ጣቢያ የሄደችው ተረከዟን አሟት ነው። ከተረከዟ በላይ ያለው ጅማት እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ሴዴኞ ጅማቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ኔሬይዳ፣ ይህቺ ሴት እግሬን ትታ ዓይኔን ምን ታየኛለች ብላ ገረማት። ደም ሰጥታ ሄደች። በሳምንቱ ተጠራች።

«ኮሌስትሮልሽ መሆን ካለበት ሦስት እጥፍ ነው» አለች ሐኪሟ።

«ከሌላ ሰው ደም ጋር ተሳስቷል። ዶክተር፣ እይኝ እስቲ! ቀጭን ነኝ እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«ጎረቤቴ ሶኮሮ በር በጎኗ ዞራ ነው የምታልፈው። ቁርሷ የአሳማ ጥብስ፣ ምሳዋ የአሳማ ጥብስ። እሷን መርምሩ እንጂ!»

«ሶኮሮም ትምጣ፣ እንመረምራታለን። ያንቺ ግን ከሳህን የመጣ አይደለም፤ ከዘር ነው። ከተወለድሽ ጀምሮ ደምሽ ውስጥ ሲጠራቀም የኖረ ስብ ነው። ተረከዝሽ ላይ ያበጠው እሱ ነው። ዓይንሽ ላይ ያለውም እሱ ነው።»

«ወርቄ?» አለች ኔሬይዳ። እጇ ሳታዝዘው ወደ ዓይኗ ሄደ።

«ውጭ የምናየው ይሄን ያህል ከሆነ፣ ልብሽን በሚመግቡት የደም ሥሮች ውስጥ ደግሞ የማናየው አለ። እናትሽ በሕይወት አለች?»

«የለችም። በፍቅር ነው የሞተችው።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች፤ ኔሬይዳ እንዳልሳቀች ስታይ ግን ፈገግታዋን ተወችው። «እንዴት ሞተች?»

ኔሬይዳም ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ስንት ጊዜ እንዳደረገችው በኩራት ተረከችላት። «የባሏን ሣጥን አቅፋ ‹ደረቴ፣ ደረቴ› አለች። ፍቅሩ ደረቷን ሰብሮ ሊወጣ ነበር። ግራ ክንዷን እንደ ሕፃን ታቀፈችው። ‹መንገጭላዬን ያዘኝ› አለች፤ ስሙን እንዳትጠራ ሐዘን አፏን ሲዘጋት ነው። ላቧ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ አስመለሳት፤ አክስቴ እዚህ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በመጨረሻ እንደ ሻማ እፍ ብላ ጠፋች።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማን ያልነገረኝ አለ?»

«በይ አሁን አንቺ ራስሽ ያልሽውን ስሚው» አለች ሐኪሟ በዝግታ። «ደረት። ግራ ክንድ። መንገጭላ። ቀዝቃዛ ላብ። ማስመለስ። እኔ ይሄን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት፣ ኔሬይዳ። የልብ ሥር ሲዘጋ እንዲህ ነው። ሐዘኑ ገፍቷት ይሆናል፤ ሥሩ ግን ቀድሞ ጠቦ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ቢጠራላት…» አልጨረሰችውም።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ኔሬይዳ የሰማችው ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ ነው። ማታ ማታ አንድ ኪኒን፣ ሳታቋርጥ። ለማርገዝ ካሰበች አስቀድማ ትናገር፤ ኪኒኑ ለጽንስ አይሆንም። «ሴቶች ገና ወጣት ነን፣ ቀጭን ነን ይሉና ልብ የወንድና የሽማግሌ በሽታ ይመስላቸዋል» አለች ሐኪሟ። በመጨረሻ የጠየቀቻት ግን ጥርት ብሎ ተሰማት።

«ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው? አምጫት። ከእናት ወደ ልጅ የማለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።»

ኔሬይዳ ወደ ቤት ስትሄድ ቤቷን አለፈችው። ባሕሩ ጫማዋን ሲነካት ነው የቆመችው። በአክስቷ ታሪክ ውስጥ እናቷን የከበቡት ማራገቢያዎች እንደ ነጭ ወፍ ክንፍ ነበሩ፤ ልጅ ሳለች በጣም የምትወደው ቦታ ይህ ነበር። አሁን ወፎቹ ሁሉ ወደቁ። የቀረው የቆመ ሰው ነው። የሚያይ ሰው።

በማግስቱ ለዶሚቲላ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፈልፍለው ያልጨረሱትን ባቄላ ጥለው ተነሡ።

«ማናት እሷ? ጡጦ ያልጣለች ልጅ ናት እህቴ በምን እንደሞተች የምትነግረኝ?»

«አክስቴ፣ እሷ አይደለችም፣ ደሙ ነው የተናገረው።»

«ደም አይናገርም! እኔ ነኝ የምናገረው፣ እኔ ነበርኩ እዚያ! ኤውላሊያ በፍቅር ሞተች። አሁን በአሳማ ሞራ ልትገድዪአት ነው? አንዴ ሞታለች፣ ይበቃታል!»

«ያዲማርን ላስመረምር ነው።»

«ያቺን ልጅ በመርፌ የሚወጋ በኔ ሬሳ ላይ ይረማመድ!»

አጎቷ ኒካሲዮ ከተኙበት የገመድ አልጋ ላይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መውጋት ካማራቸው እኔን ይውጉ። በዚህ ዕድሜዬ የሚያፈሱት ደም ካገኙ ያካፍሉኝ» አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ በረንዳዋ ላይ ደረሰ። ሶኮሮ ፀጉሯን ልትሠራ ተቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት «እና ኤውላሊያ በፍቅር ሳይሆን በጥብስ ነው የሞተችው በይኛ! እኔ ታዲያ እስካሁን ለምን አለሁ?» አለች። የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ክፋት አልነበረባትም፤ በማግስቱ አንድ ገንቦ ሙሉ ደበርጃን የተዘፈዘፈበት ውሃ ይዛ መጣች። «ኪኒን ጉበት ይበላል። ይሄን በባዶ ሆድሽ ጠጪ። የእናቴን ስብ ጠርጎ ያወጣው እሱ ነው።»

ኔሬይዳ ጠጣችው። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የደበርጃኑን ውሃ ከልቧ አምናበት አይደለም። ኪኒኑን ብትውጥ «እናትሽ የሞተችው በከንቱ ነው» የሚላት ስለመሰላት ነው። ከዚያ እውነት ይልቅ መራራው ውሃ ቀለላት። ከጤና ጣቢያ ሲደወል ስልኩን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። ኤፍራይን ሲጠይቃት «ወስጃለሁ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔሬይዳ ያዲማርን መስታወቱ ፊት ቆማ የዓይኗን ቆብ በጣቷ ስትጎትት አገኘቻት።

«ምን ሆንሽ? ዓይንሽ ውስጥ ነገር ገባብሽ እንዴ?»

«አይ፣ እማዬ። የኔ መቼ እንደሚወጣ ልይ ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ወርቁ» አለች ልጅቱ። «አያቴም ፎቶው ላይ አላት፣ አንቺም አለሽ። እኔ እንዳንቺ ማፍቀር አልችልም ማለት ነው?»

ኔሬይዳ ጀርባዋን ከግድግዳው ጋር አስደግፋ ቆመች። ያን ቀን ማታ ኪኒኑን ከመሳቢያ አወጣች። ሰኞ ልጅቱን ይዛ ለመሄድ ወሰነች፤ አክስቷ ከፈለጉ ይርገሟት።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት ኒካሲዮ በእንቅልፋቸው ሞቱ። «ከቤቴ እንዳታወጡኝ» ይሉ ስለነበር ሣጥኑ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ውጭ ማንጎው ሥር ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ እያንኳኩ በሟቹ ስም ቀልድ ይፈበርካሉ። ውስጥ ሴቶቹ ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዶሚቲላ እስኪወድቁ ይጠብቃሉ። ዶሚቲላ ግን ከሣጥኑ ራስጌ እንደ ምሰሶ ቆመዋል።

«እስካሁን?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ይሆናላ።»

«ልቧ ነው እንጂ የማይታጠፈው።»

ኔሬይዳ የቸኮላት ሲኒ የሞላ ትሪ ይዛ በመካከላቸው ታልፍ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በትከሻዎቿ መሃል የሚጫናት ነገር ነበር፤ ከመቆም ብዛት ነው ብላ ተወችው። ሣጥኑ አጠገብ ስትደርስ መንገጭላዋን ያዛት። ትሪው ከእጇ አመለጠ፤ ሲኒዎቹ ተሰባበሩ። እሷም ተከትላቸው ወደቀች።

ሳሎኑ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ያ ድምፅ የድንጋጤ አልነበረም።

«ለአጎቷ! ልጅ የሌላቸውን ሰው ልጅ ሆና አለቀሰችላቸው!»

«የኤውላሊያ ደም! አላልኳችሁም?»

ማራገቢያዎቹ ተዘረጉ። ሶኮሮ ተንበርክካ አረንጓዴውን አልኮል አንገቷ ላይ አፈሰሰችው፤ ሽታው አፍንጫዋን ሞላው። ኔሬይዳ ሐኪም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «ደረቴ» የሚል ቃል ነው። «ደረቴ።» አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችላት፤ ሌላዋ «ልክ እንደ እናቷ» ብላ ዕንባዋን ጠረገች። ኔሬይዳ ያን ጊዜ የት እንዳለች ገባት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በቃሏ የምትወጣው ታሪክ ውስጥ ተኝታለች። ቃሉም አልተለወጠም፤ መጨረሻውንም ታውቀዋለች።

በሰዎቹ እግር መካከል ያዲማርን አየቻት። ልጅቱ አታለቅስም። ዓይኗ ያበራል። እናቷ ስታፈቅር እያየች ነው።

ኔሬይዳን ከሕመሙ ይልቅ የዘገነናት ይህ ነው። ልትጮህ ፈለገች፤ ትንፋሽ አጣች።

ሁሉም ወደ ዶሚቲላ ዞሩ፤ በዕድሜ የገፉት እሳቸው ናቸው፣ ቃሉን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። አሮጊቷ የሣጥኑን ጠርዝ ለቀው መጡ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን የኔሬይዳ ግንባር ላይ አሳረፉ። መዳፋቸውን አነሡና አዩት። ውሃ ሆኗል። እንደገና አሳረፉት። ኔሬይዳ ከታች ሆና የአክስቷ ፊት እንደ ተጣለ ልብስ ሲጨማደድ አየች።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ ዶሚቲላ፤ ለማንም አልነበረም። «ያኔም እንዲህ ቀዝቃዛ ነበር።» ከዚያ ሰፈሩ ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ ጮኹ፤ «አምቡላንስ ጥሩ!»

ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እማማ ዶሚቲላ፣ ሐዘን ነው እኮ» አለች ሶኮሮ ግራ ገብቷት፣ «ይውጣላት…»

«አፍሽን ዝጊ! ይሄን ማራገቢያ ጣይና ስልክሽን አውጪ! ኤፍራይን! ኤፍራይን ሚስትህ እየሞተች ነው!»

ውጭ የዶሚኖው ኳኳታ ቆመ። አምቡላንሱ ሲመጣ ዶሚቲላ ጥቁር ልብሳቸውን ሰብስበው አብረው ገቡ። ባሏን በሣጥን ትታ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወድቅ፣ ከሬሳው ፊት ተነሥታ የሄደች ሚስት በፕላያ ሞሬና ታይታ አትታወቅም። እስከ ዛሬ ያሟቸዋል።

በሆስፒታሉ የተዘጋውን ሥር ከፍተው ቀጭን የሽቦ ቱቦ አስገቡበት። ኔሬይዳ ስትነቃ አክስቷ አልጋው አጠገብ እጇን ይዘው ተቀምጠው ነበር።

«ቀብሩስ?» አለች።

«ነገ ይሆናል። ኒካሲዮ በሕይወቱ ቸኩሎ አያውቅም።»

ከዚያ ኔሬይዳ ከወደቀችበት ጀምሮ ሲያንቃት የነበረውን ጠየቀች።

«እናቴ እንደ ሻማ እፍ አላለችም፣ አይደል? ስንት ጊዜ ቆየች?»

ዶሚቲላ ወለሉን አዩ። «ራስጌው ላይ የነበረው ሻማ አልቆ ሌላ ለኮስን። ያም ሊያልቅ ደርሶ ነበር።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ትተነፍስ ነበር?»

«ትተነፍስ ነበር። እንዲህ እጄን ይዛኝ።»

«እና አንቺ ምን አልሽ?» አለች ኔሬይዳ። አክስቷን በሕይወቷ አንቺ ብላቸው አታውቅም።

«ተዉአት፣ ይውጣላት፣ አልኩ።»

ኔሬይዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጇን ግን አልነጠቀቻቸውም።

ከሆስፒታል እንደወጣች ያዲማርን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ ዶሚቲላ ሳይጠሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ከኔ ጀምሪ፣ ልጅቷ ትይ።»

«አያቴ፣ ወርቁ በመርፌው ይወጣል?» አለች ያዲማር ዶሚቲላን፤ አያቴ ነበር የምትላቸው።

«ወርቅ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ዋሽቼሻለሁ። ሳላውቅ ነው የዋሸሁሽ።»

የአሮጊቷ ደም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ከሁለቱ እህትማማቾች የተረፉት እሳቸው ነበሩ። የልጅቱ ግን እንደ እናቷ ነው። ኔሬይዳ ውጤቱን ስትሰማ ወንበሩን ጨብጣ ያዘች። ዶክተር ሴዴኞ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «አሁን አውቀነዋል። ሕክምናው በዚህ ዕድሜ ከተጀመረ ይቺ ልጅ ታረጃለች፤ የልጅ ልጅ ታያለች» አለቻት። ኔሬይዳ አሮጊት የሆነች ያዲማርን በዓይነ ኅሊናዋ ልታይ ሞከረች። ወርቁ ያለበት ያረጀ ፊት በዘሯ አይታ ስለማታውቅ አልመጣላትም።

የኤውላሊያ መታሰቢያ ቀን እንደ ወትሮው ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጸሎቱ አለቀ፤ ዶሚቲላ ወንበራቸውን ወደ መሃል ሳቡ። ሰው ሁሉ ምን ሊሉ ነው ብሎ ጆሮውን አቆመ። አሮጊቷ ከመጀመሪያው አንድ ቃል ሳይለውጡ ጀመሩ፤ ሣጥኑን፣ ደረቷን፣ ግራ ክንዷን፣ መንገጭላዋን፣ ላቡን። ማስመለሷ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። የሻማው ቦታ ሲደርስ ቆሙ። አንዳንዶቹ በለመደ አፋቸው «እፍ ብላ ጠፋች» ብለው ሊጨርሱላቸው ጀምረው ነበር።

«አልጠፋችም» አሉ ዶሚቲላ። «እስትንፋሷ ነበረ። እኛ ቆመን እናራግብላት ነበር።»

ሶኮሮ እጇ ላይ ያለውን ማራገቢያ አየችው፤ ቀስ ብላ አጠፈችና ከወንበሯ ሥር አስቀመጠችው። ኔሬይዳ ወደ ልጇ ዞረች። ያዲማር ከዶሚቲላ እግር ሥር ቁጭ ብላ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ አዲሱን ቃል በቃሏ እየያዘች ነበር።